በጥቂት ገንዘብ ደኅና ወተት ስለ መምረጥ

በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና አገሮች፥ በአጋሮ፥ በሊሙ ገነት፥ በየቡ፥ በሰቃና በጪራ የሚኖር ሰው ጠርቀም ያለ ገንዘብ የሚያየው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ቡናው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ይቀላል፤ በጥቅምትና በኅዳር ይለቀማል፤ እስከ ታኅሣሥና እስከ ጥር ድረስ ደርቆ ይሸጣል። ቡና የሌለው የመንግሥት ሠራተኛ እንኳ፥ ደመወዙ በየወሩ ቢመጣም፥ የከተማው ገበያ ከቡናው ጋራ ስለሚወጣና ስለሚወርድ ከዚህ ሥርዐት ውጭ ሆኖ አይኖርም። የላም ወተት ግን ሌላ ዘመን መቁጠሪያ አለው። ወተት የሚበዛው ዝናሙ ሣሩን ካበቀለ በኋላ፥ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ነው። በበጋው ወራት ሣሩ ሲደርቅ ላሚቱም ትነጥፋለች፥ ዋጋውም ይወጣል። እንግዲህ ነገሩን አስተውለን ብንመለከተው፥ ገንዘብ ባለበት ወራት ወተቱ ውድ ነው፤ ወተቱ በረከሰበት ወራት ደግሞ ኪሱ ባዶ ነው።

ስለዚህም በብዙ ቤት የሚታየው ይህ ነው። በጥር ወር ለሠርግና ለእንግዳ ክብር ተብሎ ከሱቅ የቆርቆሮ ወተት ይገዛል፤ በሐምሌ ግን ልጁ ስኳር የገባበት ሻይ እየጠጣ ይተኛል። ይህን ትንሽ ነገር አድርጎ የሚቈጥር ሰው ቢኖር የልጁን ቁመት በበሩ መቃን ላይ ከዓመት ዓመት ምልክት እያደረገ ይመልከት። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2019 ዓመት በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው የጤና ምርመራ፥ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ከመቶው 37ቱ ለዕድሜያቸው ከሚገባው ቁመት አጥረው ተገኝተዋል። ከነዚህም ብዙዎቹ እህል ጨርሶ ያጡ ሳይሆኑ፥ ከእህሉ ጋራ ሥጋን የሚሠራና ዐጥንትን የሚያጸና ምግብ ያላገኙ ናቸው።

ወተት ስንገዛ የምንገዛው ምንድን ነው? ንጣቱን አይደለም። የሊትር ሩብ በሚይዝ በአንድ ብርጭቆ የላም ወተት ውስጥ ፕሮቲን የሚባለው ሥጋን የሚገነባው ነገር 8 ግራም ያህል፥ ካልሲየም የሚባለው ዐጥንትንና ጥርስን የሚያጸናው ነገር 300 ሚሊግራም ያህል ይገኛል። ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ልጅ በቀን የሚያስፈልገው ፕሮቲን 13 ግራም ያህል ስለ ሆነ፥ ከግማሽ የሚበልጠው ከአንዲት ብርጭቆ ይገኝለታል። በስቡም ውስጥ ለዐይን የሚረዳው ቪታሚን ኤ፥ እንዲሁም ከእህልና ከአትክልት የማይገኘው ቪታሚን ቢ 12 በወተቱ አለ። ብረት ግን በወተት ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ልጁ በቀን ከሁለት ብርጭቆ በላይ እየጠጣ ምስሩንና ጎመኑን ሥጋውንም እንቢ ያለ እንደ ሆነ ደሙ ይሳሳል። ለአንድ ልጅ በቀን አንድ ብርጭቆ፥ ቢቻል ሁለት፥ በቂ ነው፤ ከዚህ በላይ የሚወጣው ገንዘብ ለእንቁላል ቢውል ይሻላል።

እንግዲህ ወደ ምርጫው እንግባ። በጅማ አካባቢ በየማለዳው ከገጠር የሚመጣው የሐበሻ ላም ወተት፥ ለትንሽ ኪስ ከሁሉ የሚቀድም ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1947 ዓመት ኡንራ የተባለው የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ድርጅት 300 የሚሆኑ የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች ለኢትዮጵያ ሰጥቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የፈረንጅ ላምና ክልሷ በየከተማው ተበራክተዋል። የሐበሻ ላም በቀን የምትሰጠው አንድ ወይም ሁለት ሊትር ሲሆን የፈረንጇ ብዙ እጥፍ ትሰጣለች። ነገር ግን በሐበሻዋ ወተት ውስጥ ያለው ስብ ከመቶ 5 እጅና ከዚያም በላይ ሲሆን፥ የፍሪዥያኗ ከ3 እጅ ተኩል ብዙ አይርቅም። በፕሮቲኑ ግን ያን ያህል ልዩነት የላቸውም። የሁለቱ ዋጋ እኩል እንደ ሆነ፥ ለከሳ ልጅ የሐበሻዋን መግዛት ነው።

በከተማ ግቢ ውስጥ ታስራ የምትበላው ላም ሌላ ነገር ይዛለች። ምግቧ አብዛኛውን ጊዜ ፋጉሎ ነው፤ ፋጉሎ ደግሞ በእርጥብ ቦታ የተከመረ እንደ ሆነ ይሻግታል። ከሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይወጣና ወደ ወተቱ ያልፋል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2016 ዓመት በታተመ ምርመራ፥ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ከተሰበሰበው ወተት በብዙው ውስጥ ይህ መርዝ ተገኝቷል፤ የኑግ ፋጉሎም ዋነኛ ምክንያት ሆኖ ታይቷል። ወተቱን ማፍላት ይህን መርዝ አያጠፋውም። ስለዚህ በሣር ላይ የምትሰማራ ላም ወተት መፈለግ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የጅማ ሰው ደግሞ ሣሩ በደጁ ነው። የፍየል ወተት የሚያገኝም ቢኖር በፕሮቲኑ ከላሚቱ አያንስምና ሳይንቅ ይውሰደው፤ ፎሌት የሚባለው ደም የሚሠራው ቪታሚን ስለሚያንሰው ብቻ ጎመኑ አይቅርበት።

ከአዲስ አበባ በላስቲክ ታሽጎ የሚመጣው ወተት፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1960 ዓመት በኮተቤ በዩኒሴፍ እርዳታ ከተቋቋመው ማጣሪያ ጀምሮ የታወቀ ነው። በፋብሪካ ስለ ሞቀ ከበሽታ የጸዳ ነው። ይሁን እንጂ ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ፤ በመንገድ በረዶው ያነሰው እንደ ሆነ ይበላሻል፥ ዋጋውም የመኪናውን ኪራይ ጨምሮ ነው። ማቀዝቀዣ ላለውና ማለዳ ወተት የሚያመጣለት ለሌለው ሰው ይሆናል።

የዱቄት ወተት በሒሳብ ብቻ የሚመረጥ ነገር ነው። ስቡ ካልወጣለት ዱቄት አንድ ሊትር ወተት ለመበጥበጥ 130 ግራም ያህል ያስፈልጋል። እንግዲህ 400 ግራም የሚይዝ ቆርቆሮ ሦስት ሊትር ያህል ይሆናል ማለት ነው። የቤቱ እመቤት የቆርቆሮውን ዋጋ ለሦስት ታካፍለው፤ ያገኘችውንም ከማለዳው ወተት ዋጋ ጋራ ታስተያየው። ለምን የሱቁን ወተት የበለጠ ክቡር አድርገን እንደምንቈጥረው እስካሁን ሊገባኝ አልቻለም፤ ምናልባት ቆርቆሮው ባዶውን ሲቀር ለበርበሬ ማስቀመጫ ስለሚሆን ይሆናል። ደግሞም በቆርቆሮውና በከረጢቱ ላይ ያለውን ጽሕፈት ማንበብ ያስፈልጋል። የወተቱ ስብ ወጥቶ በምትኩ የአትክልት ዘይት የገባበት ዱቄት በርካሽ ይሸጣል። ከዚህም የባሰ፥ ለቡናና ለሻይ ማንጫ ተብሎ የሚሸጠው ነጭ ዱቄት አብዛኛው ዘይትና የስኳር ዘር ነው፤ ይህን ለልጅ በጥብጦ መስጠት ወተት መስጠት አይደለም።

ስለ ጣፋጩ የረጋ የቆርቆሮ ወተት ግን ቃሌን ማለዘብ አልችልም። ከመቶው 45 እጅ ያህሉ ስኳር ነው። ሲሲሊ ዊሊያምስ የተባሉት እንግሊዛዊት ሐኪም፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1939 ዓመት በሲንጋፖር ከተማ ባደረጉት ንግግር፥ ይህን ወተት ለሕፃናት የሚገባ ነው እያሉ የሚሸጡትን ነጋዴዎች ያለ ይሉኝታ ነቅፈው ነበር፤ ለንግግራቸውም የሰጡት ስም «ወተትና ነፍስ ግድያ» የሚል ነበር። ያን ጊዜ በዚያ አገር ከእናታቸው ጡት ተለይተው በዚህ ወተት የሚያድጉ ሕፃናት ይሞቱ ነበርና። ለአዋቂ ሰው በሻይ ውስጥ ጠብ ቢደረግ ግድ የለም፤ ለሕፃን ግን ምግብ አይደለም።

ሥራዬ በፍርድ ቤት መዝገብ መጻፍ ስለ ሆነ፥ በልጅ ቀለብ ክርክር ውስጥ ወተት ምን ያህል ቃል እንደሚያስወጣ አያለሁ። እናት የምታቀርበው ሒሳብ በሱቅ የቆርቆሮ ወተት ዋጋ የተጻፈ ይሆናል፤ አባት ደግሞ ወተት ቅንጦት ነው፥ እኔ ያደግሁት በሽሮ ነው ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ከልጁ ርቀዋል። እናት በየቀኑ አንድ ብርጭቆ የላም ወተት በገበያ ዋጋ አስልታ ብታቀርብ፥ አባት ቅንጦት ነው የሚልበት አፍ አይኖረውም ነበር። በሰላም በሚኖር ቤትም ቢሆን ክርክሩ ያው ነው፤ ጸሐፊ ሳይኖረው በማዕድ ዙሪያ ይደረጋል እንጂ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሻለሁ፤ ይኸውም አሬራ ነው። በአገራችን ልማድ ቅቤው ወደ ገበያ ይወጣል፥ አሬራው በቤት ይቀራል፤ ስለዚህም አሬራ የድኻ መጠጥ ተብሎ ይናቃል፤ በብዙ ቤትም ለጥጃና ለውሻ ይደፋል። ነገር ግን ቅቤው ሲወጣ የሚወጣው ስቡና ከስቡ ጋራ ያለው ቪታሚን ኤ ነው። ፕሮቲኑና ካልሲየሙ ሳይነኩ በአሬራው ውስጥ ይቀራሉ ማለት ይቻላል። አንድ ብርጭቆ አሬራ ዐጥንትንና ሥጋን ለመሥራት ከአንድ ብርጭቆ ወተት የሚያንሰው በጥቂት ነው፤ ዋጋው ግን የወተቱ ትንሽ ክፍል ነው፤ በጉርብትና ደግሞ በነጻ የሚገኝበት ጊዜ አለ። እንግዲህ ገንዘቡ ያነሰው ቤት ወተቱን ከ1 እስከ 5 ዓመት ላሉት ልጆች ይለይ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ልጆች፥ አዋቂዎቹና ሽማግሌዎቹ አሬራውን ይጠጡ። የጎደለውን ቪታሚን ኤ ጎመን፥ ዱባና ካሮት ይሞሉታል፤ ጎመኑም በጥቂት ቅቤ ወይም ዘይት ቢሠራ ሰውነት ቪታሚኑን ይበልጥ ያገኘዋል። ወተት ሆዱን የሚነፋው አዋቂ ሰውም በእርጎና በአሬራ የተሻለ ይስማማዋል፤ የወተቱ ስኳር ሲረጋ ከፊሉ ስለሚበላለት ነው።

አሬራው በእሳት ተጥዶ አይብ ሲወጣ፥ አይቡ ፕሮቲኑን ይዞ ይቀራል። አይብ ለልጅ መልካም ምግብ ነው፤ ጨው ሳይበዛበት ከጎመን ጋራ ወይም ከቂንጬ ጋራ ቢሰጠው ይወደዋል። ቀሪውን አጓት ግን ስንቶቻችን ነን ዋጋውን የምናውቀው? ወተቱ ከኮመጠጠ በኋላ ካልሲየሙ ወደ ውኃው ስለሚሟሟ፥ አይቡ ሲጠለል የካልሲየሙ ትልቁ ክፍል የሚሄደው ከአጓቱ ጋራ ነው። ስለዚህ አጓቱን ደጅ መድፋት ዐጥንት መድፋት ነው። ዳቦውና ቂጣው በውኃ ፈንታ በአጓት ቢቦካ፥ ገንፎውም በእርሱ ቢሠራ አንድ ሳንቲም ሳይወጣ ቤቱ ይጠቀማል። ጣዕሙ ጥቂት ይኮመጥጣል፤ ልጆቹ በሳምንት ይለምዱታል።

ቅቤን በሚመለከት አንድ ነገር ላክል። አንድ ኪሎ ቅቤ ለማግኘት ወደ 20 ሊትር ግድም ወተት ይናጣል። በቅቤ ዋጋ ላይ የሚደነቅ ሰው ይህን ቢያስብ ይረጋጋል። ነገር ግን ሃያው ሊትር ተንጦ ቅቤው በሐሙስ ገበያ ሲሸጥ፥ የዚያ ቤት ልጆች አሬራውን እንኳ አግኝተዋል ወይ ብሎ መጠየቅ የባለቤቱ ግዴታ ነው።

የትኛውም ወተት ቢመረጥ ሳይፈላ አይጠጣ። ጥሬ ወተት ጤና ነው የሚሉ ሽማግሌዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ አከብራቸዋለሁ፥ በዚህ ግን አልከተላቸውም። በማልታ ደሴት የእንግሊዝ ወታደሮችን ለወራት የሚያስተኛ ትኩሳት ነበር። ዴቪድ ብሩስ የተባለው ሐኪም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1887 ዓመት ተሐዋሲውን አገኘ፤ በ1905 የማልታው ተወላጅ ዛሚት ከጤነኛ መሳይ ፍየሎች ወተት እንደሚመጣ አስረዳ፤ በ1906 ወታደሮቹ የፍየል ወተት እንዳይጠጡ በታዘዘ ጊዜ በሽታው ከመካከላቸው ወደቀ። ያ በሽታ፥ ብሩሴሎሲስ የሚባለው፥ በእኛም ከብቶች ዘንድ አለ፤ የከብት የሳንባ ነቀርሳም እንደዚሁ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ያልፋል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ግድም ነው፤ ይህም ቢሆን ተሐዋሲዎቹን ለመግደል ከበቂ በላይ ነው። ወተቱ እየተማሰለ እስኪገነፍል ድረስ ይሙቅ፥ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ይቆይ፥ ይውረድ። በላዩ የሚጋገረው ስልባቦት ስብና ፕሮቲን ነውና ለልጁ ይሰጥ እንጂ አይጣል።

እርጎ የሚያረጋም ሰው ቢሆን ወተቱን አስቀድሞ ያፍላ፤ ለብ ሲል ከንጹሕ እርጎ አንድ ማንኪያ እርሾ ይጨምርበት። ኮምጣጣነቱ ብቻውን የብሩሴሎሲስን ተሐዋሲ ፈጥኖ አይገድለውም። ቅሉን በወይራ ጢስ ማጠን የእናቶቻችን ጥበብ ነው፤ ጢሱ ሽታን ከመስጠት አልፎ ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል። አንገቱ ጠባብ የሆነ የፕላስቲክ ጀሪካን ግን እጅ ገብቶ ሊያጥበው አይችልም፤ ወተት በእርሱ ከሚመጣ አፉ ሰፊ በሆነ የብረት ዕቃ ቢመጣ ይሻላል። የመጣውን ወተት ለመፈተን አንድ ማንኪያ ብቻ በእሳት ላይ ማፍላት ነው፤ ከተቈራረጠ ያደረ ነው። ውኃ መጨመሩን የሚለየው መለኪያ በንጹሕ ወተት ውስጥ ከ1.028 እስከ 1.034 ያሳያል፤ ውኃ ሲገባበት ይወርዳል። ሆኖም ቅባቱን አንሥቶ ውኃ የሚጨምር ተንኰለኛ መለኪያውንም ያታልለዋል፤ ከመለኪያው ይልቅ የታወቀች ባለ ላም ታስተማምናለች።

ዕድሜው 6 ወር ያልሞላ ሕፃን ከእናቱ ጡት በቀር ምንም አይሰጠው፥ ውኃም ቢሆን። ከ6 ወር በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ገንፎና ሌላ ምግብ ይጨመርለታል፤ የላም ወተት ለመጠጥ የሚሰጠው ግን ዓመት ከሞላው በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የሆድ ዕቃውን እየቧጠጠ ደም ሊያሳንስበት ይችላልና። እንግዲህ በዚህ ዕድሜ ርካሹና ከሁሉ የሚበልጠው ወተት የሚገዛው ለእናቲቱ በሚደረግ መልካም ምግብ ነው። አሬራና አይብ ለአራስ ሴት ያስፈልጓታል።

ክርስቲያን በሆነው ቤት ሑዳዴ 55 ቀን ነው፤ የሚውለውም ወተት በሚጠፋበት በበጋው መጨረሻ ላይ ነው። 7 ዓመት ያልሞላው ልጅ አይጾምምና ወተቱ በጾም ምክንያት አይቋረጥበት፤ የአዋቂዎቹ ድርሻ ግን ለክረምት ይቀመጥ። ለሚጾመው፥ በጅማ አካባቢ የሚበቅለው አኩሪ አተር ይገኝለታል። ሌሊቱን ተዘፍዝፎ፥ ተገፎ፥ ተፈጭቶ፥ በውኃ ተበጥብጦ ደኅና አድርጎ ከፈላ በኋላ ሲጠለል ፕሮቲኑ ወደ ላም ወተት የተጠጋ መጠጥ ይወጣዋል። ጥሬው ግን ሆድን ያውካል፤ ካልሲየሙም ጥቂት ነው፥ ቢ 12 ደግሞ ጨርሶ የለውም፤ ስለዚህ ለትንሽ ልጅ የወተት ምትክ አይሆንም።

ገንዘቡን ከወተቱ ጋራ የማገናኘቱ ነገር ይቀራል። ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤት በቀን ግማሽ ሊትር ይበቃዋል። ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 30 ቀን፥ ጳጉሜን ጨምሮ፥ 125 ቀን ስለ ሆነ 62 ሊትር ተኩል ያስፈልጋል። የቡናው ገንዘብ በታኅሣሥ ወይም በጥር እጅ ሲገባ፥ ከሠርጉና ከቆርቆሮ ጣራው በፊት፥ ይህን ያህል ሊትር በወቅቱ ዋጋ ተባዝቶ ተለይቶ ይቀመጥ፤ የበጋው ዋጋ ከክረምቱ ስለሚበልጥ በሰኔ ገንዘቡ ይተርፋል እንጂ አያንስም። ደመወዝተኛውም በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየለየ እንዲሁ ያድርግ። ክረምት ሲገባ ክፍያው በወር መጀመሪያ ለባለ ላሟ ይሰጥ፤ እርሷም በዚያ ወራት ገንዘብ የሚቸግራት ስለ ሆነ ዋጋ ታስተካክላለች። በመካከላቸውም አጭር ወረቀት ቢጻፍ መልካም ነው፤ ወተቱ የማለዳ እንዲሆን፥ በሊትር እንዲለካ፥ ውኃ እንዳይገባበት፥ ላሚቱም የነጠፈች ወይም የታመመች እንደ ሆነ የቀረው ገንዘብ በአሬራ ወይም በቅቤ እንዲተካ የሚል፤ ሁለቱም ይፈርሙበት፤ ማንበብ ለማትችለውም ታማኝ የሆነ ጎረቤት ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብላት።